ባሌ መንገድ ላይ ሳለ ልጄን ክርስትና ላስነሳት?

ጥያቄ፦

የተከበሩ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሲሆን ከጋብቻዬ ወዲህ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ፤ ባለቤቴ ሙስሊም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን ስንጋባ የሁለታችንም ቤተሰቦች ደስ አላላቸውም ነበር፤ እየዋለ ሲያድር ግን ተለማመዱን። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ በጾሜ ቀን ከእኔ ጋር ሽሮ ይበላል፣ እኔም በረመዳን ማፍጠሪያውን አዘጋጅለታለሁ። ልጅ ሲመጣ ምን እናደርጋለን የሚለውን ግን በደንብ አልተነጋገርንበትም። «ሲደርስ እናያለን» ተባብለን አለፍነው።

አሁን ደረሰ። ሴት ልጅ ከወለድሁ ዛሬ 52 ቀኔ ነው። በሰባተኛው ቀን አማቴ በግ አሳርደው ጎረቤቱን ሁሉ አበሉ፤ የልጄንም ፀጉር አስላጯት። እኔ ተኝቼ ነበር፤ ሥጋው ለእንግዳ፣ መላጨቱ ደግሞ ፀጉሯ እንዲወፍር መስሎኝ ነበር። በኋላ ከአንዲት ጎረቤት ስሰማ ለካስ አቂቃ የሚባለው የእስልምና የልደት ሥርዓት ኖሯል። ባለቤቴን ስጠይቀው «ይኼ እኮ የእናቴ ደስታ ነው፤ አንቺን ምን ጎዳሽ?» አለኝ። ዝም አልሁ።

ይህን ደሴ ያለችው እናቴ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፣ እኔንም አታስተኛኝም። «እነሱ አንቺን ሳይጠይቁ የእነሱን አደረጉ፤ አንቺ ማንን ትጠይቂያለሽ? ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ዝም ብለሽ ይዘሻት ነይ፤ የክርስትና እናቷን አዘጋጅቻለሁ፣ ጠዋት ተነሥታ ከሰዓት ቤትሽ ትገቢያለሽ» ትለኛለች። ሰማንያኛው ቀን የሚውለው ባለቤቴ ጅቡቲ በሚሆንበት ሳምንት ነው። አማቴ ልጄን ሀያት ይሏታል፤ እናቴ ሕይወት ትላታለች፤ እኔ ሁለቱም ፊት «እሙዬ» እያልሁ እጠራታለሁ።

ልጄ ሳትጠመቅ እንድትቀር አልፈልግም። ባሌንም ማታለል አልፈልግም። ምን ላድርግ?

አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ደብዳቤሽን ስትጽፊ ልጅሽ 52 ቀኗ ከነበረ፣ ይህን ስታነቢ ሁለት ወር ሞልቷት ይሆናልና እናትሽ የቆረጡት ቀን ቀርቧል። ስለዚህ ማለት የምፈልገውን ወደ መጨረሻ አላቆየውም፤ ባለቤትሽ ሳያውቅ አታድርጊው። ይህን የምልሽ የጥምቀት ፍላጎትሽን ቀላል ነገር አድርጌ ስለማየው አይደለም። ቄስም ሸህም ስላልሆንሁ ልጅሽ የየትኛው ሃይማኖት ልትሆን ይገባል የሚለውን አልፈርድልሽም። ስለ ምስጢሩ፣ ማለትም ስለ መደበቁ ግን የማስበውን ልንገርሽ።

በቅድሚያ ወደ ሰባተኛው ቀን ልመልስሽ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ስለ ሰማንያኛው ቀን ከጻፍሽው ይልቅ ስለ ሰባተኛው ቀን የጻፍሽው የበለጠ የሚያም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በገዛ ቤትሽ፣ በገዛ ልጅሽ ላይ ትልቅ ነገር ሲደረግ አንቺ አራስ ሆነሽ ተኝተሽ ነበር፤ ትርጉሙንም የሰማሽው ከጎረቤት ነው። ባለቤትሽ «ምን ጎዳሽ?» ሲልሽ ዝም ማለትሽ አልጎዳኝም ማለት እንዳልሆነ እገምታለሁ። አማትሽ ክፉ አስበው አደረጉት አልልም፤ ነገር ግን አንቺን አስቀምጠው ሊነግሩሽ ይገባ ነበር። እስቲ ብቻሽን ስትሆኚ ራስሽን ጠይቂ፤ አቂቃው ባይደረግ ኖሮ፣ ወይም አስቀድሞ ተነግሮሽና ተስማምተሽበት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሳምንት ልጅሽን ተደብቀሽ ለማስጠመቅ ታስቢ ነበር? መልስሽ «አዎ፣ እምነቴ ነው» ከሆነ ጥሩ፤ «አይ፣ እነሱ ስላደረጉ ነው» ከሆነም የሚያሳፍር አይደለም። ሁለቱ ተደባልቀውም ሊሆን ይችላል። ብቻ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ አንቺ ማወቅ ይኖርብሻል፤ ቂም የሚፈልገው መልስና እምነት የሚፈልገው መልስ አንድ አይደለምና።

አሁን ደግሞ አማትሽ ለምን ሳይጠይቁሽ እንዳደረጉት ምናልባት የሚያስረዳ አንድ ነገር ላንሣ። ልጅ ሲወለድ የሚደረገው ሥርዓት በሁሉም ሃይማኖት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ይመስለናል፤ እንደዚያ ግን አይደለም። በእስልምና ትምህርት ልጅ የሚወለደው በፊጥራ፣ ማለትም በንጹሕ ተፈጥሮ ነው፣ የሙስሊም አባት ልጅም ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሙስሊም ናት፤ በቀኝ ጆሮዋ አዛን ይባልላታል፣ በሰባተኛው ቀን ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ይታረዳል፣ ፀጉሯ ተላጭቶ በክብደቱ ልክ ብር ለድሆች ይመጸወታል፣ ስም ይወጣላታል። ይህ ሁሉ ምስጋናና ብሥራት ነው። ሙስሊም የሚያደርጋት በጉ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ አቂቃ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ባይታረድም የልጅቱ ማንነት አይለወጥም። በአይሁድም እንዲሁ ነው፤ ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል እንጂ አይሁዳዊ የሚሆነው በመገረዙ አይደለም።

አንቺ ባደግሽበት እምነት ግን በሩ ራሱ ውሃው ነው። ሰው ከሥጋ ይወለዳል፣ ከዚያም ከውሃና ከመንፈስ ዳግመኛ ይወለዳል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚባለውም ከኦሪት ዘሌዋውያን 12ኛ ምዕራፍ ቆጠራ ጋር፣ እንዲሁም አዳም በ40 ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ትረካ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ለእናትሽ ልጅቱ ገና ከደጅ ናት፤ ለአማትሽ ደግሞ ከተወለደችበት ሰዓት ጀምሮ ከውስጥ ናት። አማትሽ ያልጠየቁሽ የሚያስፈቅድ ነገር ያደረጉ ስላልመሰላቸው ሊሆን ይችላል። እናትሽ እንቅልፍ ያጡት ደግሞ በሩ ሊዘጋባት ነው ብለው ስለፈሩ ነው። አንዷ ክፉ፣ ሌላዋ ደግ አይደሉም፤ የልጅቱን መነሻ የሚቆጥሩበት ቦታ ተለያየ።

ከዚህ የተነሣ «እነሱ የእነሱን አደረጉ፣ እኔም የእኔን ላድርግ» የሚለው ሒሳብ እኩል አይወጣም። የበጉን ሥጋ ጎረቤት በልቶ ጨርሶታል፤ ሁለታችሁም ነገ ብትነጋገሩ ከአቂቃው የተነሣ የተዘጋ መንገድ የለም። ጥምቀት ግን በራሷ በቤተ ክርስቲያንሽ ትምህርት አንዲት ናት፣ አትደገምም፣ አትሰረዝም። ባለቤትሽ ይህን ያውቃል፤ ባያውቅም ይነገረዋል። አንቺ አቂቃውን ከጎረቤት ሰምተሽ የተሰማሽን አስታውሺና፣ እሱ ጥምቀቱን ከሌላ ሰው ቢሰማ ምን እንደሚሰማው አስቢው።

ሌላም አለ። እናትሽ ባሰቡት ቀን ምን እንደሚሆን ጠዋት ከመነሣት እስከ ማታ በዓይነ ኅሊናሽ ሂጂበት። ገና ሳይነጋ ከኮምቦልቻ ተነሥተሽ ዳገቱን ወደ ደሴ ትወጫለሽ። ልጅሽ መናገር ስለማትችል የክርስትና እናቷ በእሷ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ በክርስቶስ ታምናለች። ልጅሽ ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ሜሮን ትቀባለች፣ ማዕተብ ይታሰርላታል፣ ትቆርባለች፣ የክርስትና ስም ትይዛለች። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ትወርጃለሽ። አሁን ጥያቄዬ ይኸውና፤ ሐርቡን ይሁን ሚሌን አልፎ ባልሽ ወደ ቤት ሲቃረብ ማዕተቡን አንገቷ ላይ ትተዪዋለሽ ወይስ ትፈቺዋለሽ? ትተሽው ከሆነ ምስጢርነቱ እዚያው አበቃ። ፈትተሽው ከሆነ ደግሞ የልጅሽን ማዕተብ የፈታሽው አንቺው ትሆኛለሽ፤ እንደማውቀው እንዳንቺ ላለች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የክርስትና እናቷስ? ልጅቱን በእምነት ለማሳደግ ቃል የገባች ሴት ናት፤ በበዓል ቀን መጥታ በሩን ስታንኳኳ ማን ናት ልትዪ ነው?

ከዛሬ መቶ ዓመት በላይ በፊት አርኖልድ ቫን ጌኔፕ የተባለ ሊቅ የብዙ ሕዝቦችን የልደት፣ የአካለ መጠን፣ የጋብቻና የሞት ሥርዓቶች አጥንቶ በአብዛኞቹ ውስጥ ሦስት ደረጃ አገኘ፤ ሰውየው ከነበረበት ይለያል፣ ለጥቂት ጊዜ ደፉ ላይ ይቆያል፣ ከዚያም አዲስ ሆኖ ወደ ሰው ይመለሳል። ሦስተኛው ደረጃ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በምያንማር የቡድሃ እምነት ተከታይ ቤተሰብ ልጁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ገዳም ሲያስገባ እንደ ልዑል አልብሶ በሰልፍ ይወስደዋል፤ ፀጉሩ ሲላጭ ቤተ ዘመድ አጠገቡ ነው። ሂንዱዎች ለልጃቸው የመጀመሪያውን ሩዝ ሲያጎርሱ ዘመድ ይሰበሰባል። ሲኮች ቅዱስ መጽሐፋቸውን ከፍተው ከሚነበበው ክፍል የመጀመሪያ ፊደል ላይ ተነሥተው ስም ሲያወጡ በጉባኤ ፊት ነው። አቂቃም ቢሆን ሥጋው የሚታደለው «ልጅ ተወልዳልናለች፣ እወቋት» ለማለት ነው። የክርስትና ድግስም እንዲሁ። የእናትሽ ዕቅድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ይዞ ሦስተኛውን ትቶታል፤ ልጅቱ ተጠምቃ የምትመለስበት ቤት አባቷ የማያውቀው ነገር ያለበት ቤት ነው።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም በአዋጅ እንዲጠመቅ ሲገደድ፣ የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ ክርስትና ያነሷቸው ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ነበሩ። ብዙ ሰው ግን ተሰደደ፣ እንደ ሸህ ጠልሃ ያሉት ተቃወሙ፣ ከቀሩትም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም እየሆነ የኖረ ነበረ። እናትሽን ከዘመኑ አዋጅ ጋር አላነጻጽራቸውም፤ እሳቸው ይህን ያሰቡት ከፍርሃትና ከፍቅር የተነሣ ነው። ግን ልጅን በአንዱ ሰዓት አንድ ነገር፣ በሌላው ሰዓት ሌላ ነገር አድርጎ ማሳደግ ምን እንደሚመስል ይህ አገር ያውቀዋል ለማለት ነው።

እንግዲህ ስለ ቀኑ። ሰማንያ ቀን ሥርዓት ነው፣ ግን ካለፈ በሩ የሚዘጋበት ቀን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን አድጎ የመጣንም ታጠምቃለች፤ ሕፃን በጠና ቢታመም ደግሞ ከቀኑ ቀድማ ታጠምቃለች። ይህን ከእኔ አትቀበዪው፤ በራስሽ እግር ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና «አባት ሙስሊም ነው፣ አልተነጋገርንም፣ ብንቆይስ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከጋብቻሽ ወዲህ ፊታቸው ለመቅረብ አፍረሽ ይሆናል፤ ብዙዎች ያፍራሉ። ያም ሆኖ ይህን ጥያቄ የሚመልሱልሽ እሳቸው እንጂ እናትሽ አይደሉም።

በዚያውም አንድ የዘነጋሽው ነገር አለ። ሰማንያኛው ቀን የልጅሽ ብቻ አይደለም፣ ያንቺም ነው። በሥርዓቱ መሠረት ወላድ ከወለደች በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትመለስበት፣ የመንጻት ጸሎት የሚደረግላት ቀን ነው። በድንጋጤና በሁለት አያቶች መካከል ስትዋልዪ ስለ ራስሽ ማንም የጠየቀሽ አይመስለኝም፣ አንቺም በደብዳቤሽ ስለ ምጥሽ፣ ስለ ጤናሽ አንዲት መስመር አልጻፍሽም። ልጅቱ የምትጠመቅበት ቀን ቢዘገይም፣ ንስሐ አባትሽ ከፈቀዱልሽ አንቺ በዚያ ቀን ሄደሽ ልትጸልዪ ትችያለሽ፤ ለባለቤትሽም ስልክ ደውለሽ «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው» ትዪዋለሽ። ያለ ምስጢር።

«ሁለቱንም እናድርግና እንገላገል» የሚል ሐሳብም ይመጣልሽ ይሆናል። በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ሰርግ ሲሆን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ታርዶ ባንድ ዳስ የሚበላበት፣ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ሃይማኖት ሳይለይ የሚቆፍርበትና የሚቀብርበት አገር ነው፤ በስም ብቻ ሃይማኖት መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን ዳሱ አንድ የሆነው ሥጋው ስላልተቀላቀለ ነው። ሁለቱም ሥርዓት ተደርጎላቸው ያደጉ ልጆች አውቃለሁ፤ እስከ ስድስት ዓመታቸው ድረስ ምንም ችግር የለም፣ እንዲያውም በዓላቸው ድርብ ነው። ሰባት ሲሞላቸው ግን በአንደኛው ወገን ሶላት ማስተማር ይጀመራል፣ በሌላው ጾም ይጀመራል፤ ያን ጊዜ ወላጆች ያልተነጋገሩበትን ጥያቄ ልጅቱ ትመልሰው ዘንድ ይተዉላታል። ሌሎች ደግሞ ምንም ሳያደርጉ «አድጋ ትምረጥ» ይላሉ፤ በአገራችን ካሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ሕፃኑን ባርከው ጥምቀቱን አምኖ እስኪጠይቅ የሚያቆዩት ከዚህ በተቀራረበ ሐሳብ ነው። ለአንቺ ግን ይህ ቀላል ምርጫ እንደማይሆን ይገባኛል፣ በአንቺ እምነት መቆየት ራሱ ዋጋ አለውና። ስለዚህ የትኛውም መንገድ ያለ ዋጋ የለም፤ ሁለታችሁ አብራችሁ የምትከፍሉትን መምረጥ ነው ያለባችሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ልጅን በሃይማኖት የማሳደግን መብት የሰጠው ለወላጆችና ለሕጋዊ ሞግዚቶች ነው። አያቶች የሚል ቃል የለበትም።

አሁን ወደሚደረገው ልምጣ። ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር ያለብሽ መሪ ይዞ ሳለ በስልክ አይደለም፤ የመጣ ዕለት ማታም አይደለም። ይተኛ፣ ይታጠብ፣ ልጁን ይቀፋት። በማግሥቱ አማትሽ በሌሉበት ሰዓት ቡና አፍልተሽ ጀምሪ። ንግግሩን በእናትሽ ዕቅድ አትጀምሪ፤ እሱን ከሰማ የሚቀጥለው ሁሉ ስለ እናትሽ ይሆናል። ከራስሽ ጀምሪ። ለምሳሌ እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፤ «በሰባተኛው ቀን የተደረገውን ከሰው አፍ ስሰማ ከገዛ ልጄ ቤት የወጣሁ መሰለኝ። እናትህን መውቀሴ አይደለም። እኔም ደግሞ ልጃችን እንድትጠመቅ እመኛለሁ፤ አንተን ሳልነግርህ ግን ምንም አላደርግም። ከመጋባታችን በፊት የተውነውን ጥያቄ አሁን እንነጋገርበት።» ከዚያ ዝም በዪና እሱን ስሚው። «የእናቴ ደስታ ነው» ያለሽ ሰው ራሱም ገና አላሰበበትም ማለት ሊሆን ይችላል። እሱ የሚፈራው ምንድን ነው? እሱ ሲቀበር ልጁ ከጎኑ የማታርፍ መሆኗን ነው? እናቱ ፊት መቆም አለመቻሉን ነው? ወይስ አንቺ አንድ ቀን ይዘሻት እንዳትሄጂ? ጠይቂው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደግ ሰው ነው ብለሽ ጽፈሻልና እንደዚያ ነው ብዬ ነው የምመክርሽ። ነገር ግን ተደብቆ ማድረግ የቀለለሽ ቢሰማ ይመታኛል ወይም ልጄን ይነጥቀኛል ብለሽ ስለምትፈሪ ከሆነ፣ ከላይ ያልሁትን ሁሉ ተዪውና አስቀድመሽ ለምታምኚው ሰው ፍርሃትሽን ተናገሪ፤ ለእኔም እንደገና ጻፊልኝ፣ መልሴ ሌላ ይሆናል።

በአንድ ቡና አትጨርሱትም። አንቺ ወደ ንስሐ አባትሽ፣ እሱ ወደሚያምነው ሸህ ሄዳችሁ የየራሳችሁን ጠይቁና ተመልሳችሁ የሰማችሁትን ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ተነጋገሩ። ካልተግባባችሁ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው፣ ማለትም የሚቆጣ ሳይሆን የሚሰማ ሽማግሌ ጋብዙ። ለጊዜው ልትስማሙበት የምትችሉት ትንሹ ነገር ግን «ሁለታችን ሳንስማማ ማንም ለልጃችን ምንም ሥርዓት አያደርግም» የሚለው ነው። እሱ ለእናቱ ይንገር፣ አንቺ ለእናትሽ።

ለእናትሽ ምን ትያቸዋለሽ? እሳቸው አንድ ጊዜ አንቺን ያጡ መስሏቸዋል፤ አሁን የልጅ ልጃቸውን ሁለተኛ እንዳያጡ እየተፍጨረጨሩ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ብቻ ብለሽ ስልኩን አትዝጊ። ደሴ ሂጂ፣ ልጅቱንም ይዘሽ ሂጂ፣ እቅፋቸው ውስጥ አስገቢያትና «እማዬ፣ የክርስትና እናት ማዘጋጀትሽን አውቃለሁ፣ ልቤ ካንቺ ጋር ነው፤ ነገር ግን ልጄ በሌብነት እንድትጠመቅ አልፈልግም፣ በቀን፣ አንቺም ቆመሽ እልል እያልሽ ቢሆን ነው የምመኘው፤ ለዚያ ጊዜ ስጪኝ» በያቸው። ያ ቀን ይምጣ አይምጣ ቃል ልትገቢላቸው አትችዪም። ይህንኑ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። መቆጣታቸው አይቀርም፤ ቻያቸው።

ሳትረሱት ደግሞ፣ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት መመዝገብ ስላለበት፣ የወለድሽበት የጤና ተቋም የሰጠሽን ወረቀት ይዛችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ቀበሌ ሂዱ። ከቀኑ በፊት ስሟን መወሰን ሊኖርባችሁ ነው። ሀያትም ሕይወትም አንድ ትርጉም ያላቸው ቃላት መሆናቸውን ባለቤትሽ ሳያውቅ አይቀርም፤ ሁለቱ አያቶች ሳያውቁት ተስማምተዋል ማለት ነው። መዝገቡ ላይ የትኛው ይጻፍ የሚለው ከሃይማኖቱ ጥያቄ ስለሚቀል፣ ልምምድ ይሁናችሁና ከእሱ ጀምሩ፤ የመረጣችሁትንም ስም አንቺ በሁለቱም አያቶች ፊት ጮክ ብለሽ ጥሪያት።

አማትሽንም በባለቤትሽ በኩል ብቻ አትገናኛቸው። አራስ ሆነሽ ገንፎ ያበሉሽ፣ ገላሽን ያጠቡሽ እሳቸው ከሆኑ የምትነጋገሩበት መንገድ አላችሁ። አንድ ከሰዓት ልጅቱን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና የሰባተኛውን ቀን ንገሩኝ በያቸው፤ አዛኑን ማን እንዳለላት፣ ሥጋው ለማን ለማን እንደደረሰ፣ ዱዓው ላይ ምን ተብሎ እንደተመረቀች፣ የተላጨው ፀጉሯ ተመዝኖ ስንት ብር እንደተሰጠ ጠይቂያቸው። እናቷ ነሽና ልታውቂው ይገባል። ያንን የመጀመሪያ ፀጉሯን በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠውት ከሆነም እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው።